ሳይነበብ የተጻፈብኝ ቆጣሪ

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለከተማችን የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ
ደቡብ ወሎ

ጉዳዩ፦ ቆጣሪ ሳይነበብ ስለተሠራብኝ የሦስት ወር ሒሳብ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ።

ደንበኛችሁ ከሆንኩ 19 ዓመት አልፎኛል። አስተማሪ ነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የአንድ ወር ክፍያ እንኳን አሳድሬ አላውቅም። አሁን ግን ያልተጠቀምኩትን ውሃ ተጠቀምክ ተብያለሁ። ይህን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

የሐምሌ ቢሌ 18 ሜትር ኪዩብ ይላል። የነሐሴውም 18 ነው። ጳጉሜንን ጨምሮ የመጣው የመስከረሙም 18። ቤት ውስጥ ሰው ይኖራል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል። ፍጆታ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ አይቀርም። መስከረም 30 ማታ ባትሪ ይዤ ወደ ቆጣሪው ሄድኩ። የሰኔው ንባብ 1,235 ነበር። እሱ ትክክል ነው፤ ሲነበብ አብሬ ቆሜ አይቻለሁ። ያን ማታ ቆጣሪው የሚያሳየው 1,243 ነው። የእናንተ ቢል ግን 1,289 ላይ ደርሷል። ልዩነቱ 46 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 46 ሺህ ሊትር ነው። ይህ ውሃ በእኔ ቧንቧ አልወረደም።

ማስረጃ አለኝ። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ አንድ ደብተር አንጠልጥለናል። ውሃ የመጣበትን ቀንና ሰዓት ትንሿ ልጄ ትጽፍበታለች። በሐምሌ ሦስት ጊዜ መጣ። በነሐሴ ሁለት ጊዜ። በመስከረም ሦስት ጊዜ። ሁሉም ሌሊት ነው፤ አብዛኛው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ። ሮቷችን አንድ ሺህ ሊትር ይይዛል። ስምንት ጊዜ መጣ፣ ስምንት ጊዜ ሞላነው። በ1,235 ላይ 8 ሲደመር 1,243 ይሆናል። የልጄ ደብተርና የእናንተው ቆጣሪ አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። የተለየው ቢሉ ብቻ ነው።

እቤት ስድስት ሰዎች ነን። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30፣ ከአምስቱ የጳጉሜን ቀናት ጋር፣ 95 ቀን ነው። ስምንት ሺህ ሊትሩ ለስድስት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 14 ሊትር ይደርሰዋል። መጠጡም፣ ምግቡም፣ ልብሱም፣ ገላውም፣ መጸዳጃውም በዚያው ነው። አገሪቱ ያወጣችውን መስፈርት እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2008 እስከ 2012 በነበረው፣ ከተሞች በሕዝብ ብዛት በአምስት ደረጃ ተከፍለው ነበር። ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ከተማ በሰው በቀን 100 ሊትር። እያለ ይወርድና እንደኛ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ላለው ከተማ 50 ሊትር ይሆናል። ለገጠር የተቀመጠው 25 ሊትር ነው። እኔ ቧንቧ ግቢዬ ገብቶልኝ፣ ለገጠር ነዋሪ የተባለውን እንኳን አላገኘሁም። በእናንተ ቢል ከሄድን ግን እያንዳንዳችን በቀን 95 ሊትር ገደማ ተጠቅመናል። ይህ ለአዲስ አበባ ከታሰበው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም።

የጎደለውን የምንሞላው ከጋሪና ከባጃጅ እየገዛን ነው። አንድ ጀሪካን 25 ብር። ሃምሳ ጀሪካን አንድ ሜትር ኪዩብ ነው፤ 1,250 ብር ማለት ነው። መግዛት የማይችለው ወደ ምንጭ ይወርዳል። እኔ የማስተምረው ጠዋት ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አርፍደው የሚገቡት በአብዛኛው ሴቶች ልጆች ናቸው። ለምን አረፈድሽ ብዬ መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቷል። ትከሻቸው ላይ የገመዱ ምልክት ይታያል። ጎረቤታችን ያሉት አዛውንት ሸህ ለሱብሒ ውዱእ የሚያደርጉበትን አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ማታውኑ ለይተው ያስቀምጣሉ። ሲያዩኝ «አብሽር ልጄ፣ ይመጣል» ይሉኛል። ከሳቸው ተስፋ እኔ አፍራለሁ።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ በክረምት ነው። ዝናቡ ገና ከመስቀል በኋላ መቆሙ ነው። ተራራው አሁንም ያንጠባጥባል። ምንጩ ሞልቷል። በጥቅምት እንዲህ ከሆነ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ምን ሊውጠን ነው?

ቆጣሪ አንባቢያችሁን አውቀዋለሁ፤ ተማሪዬ ነበር። መንገድ ላይ አግኝቼ በቀጥታ ጠየቅኩት። አልዋሸኝም። «ቲቸር፣ ያን ሁሉ ሰፈር በአንድ ሳምንት በእግሬ አንብቤ እንዴት ልጨርስ? ያልደረስኩበትን በአማካይ ሙላ ይሉኛል» አለኝ። ስሙን የማልጽፈው እንዳይቀጣ ነው። እባካችሁ ይህን ልጅ ፈልጋችሁ አትቅጡ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጥፋቱ አንድ ሰው የአራት ሰው ሥራ ተሸክሞ፣ ቁጥሩ ሞልቶ እስከመጣ ድረስ እንዴት ሞላ ብሎ የሚጠይቅ አለቃ አለመኖሩ ነው።

ውሃ በነጻ ይሰጠኝ አላልኩም። የ1991 የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ ወጪውን ከተጠቃሚው መልሶ ራሱን እንዲችል ይላል። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። በ1994 የተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድም ለከተሞች የሚያበድረው ብድሩ ከታሪፍ ተሰብስቦ እንዲመለስ ነው። ይህም ይገባኛል። ፓምፕ ናፍጣና መብራት ይፈልጋል፣ ሠራተኛ ደመወዝ ይፈልጋል። ነገር ግን ወጪ የሚመለሰው ከተሸጠ ውሃ ነው። ያልሄደ ውሃ ወረቀት ላይ ተጽፎ ወጪ ሊመለስበት አይገባም። ታሪፋችሁ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም በየእርከኑ ይጨምራል። በወር ከሦስት ሜትር ኪዩብ በላይ ያልተጠቀመ ሰው 18 ሲጻፍበት ብዙ ለሚጠቀም ሰው በወጣው ዋጋ ይከፍላል። ያ እርከን የተሠራው እንደኔ ያለውን ትንሽ ተጠቃሚ ለመጠበቅ ነበር። አሁን በተቃራኒው ነው የሚሠራው።

ከገንዘቡ የበለጠ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ቤት ያልተነበበው ቁጥር እኔ ቤት አይቀርም። ከእናንተ ወደ ቦርዱ ይሄዳል። ከቦርዱ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ቢሮ፣ ከክልል ወደ ሚኒስቴሩ ይወጣል። እዚያ ሲደርስ «ይህን ያህል ሜትር ኪዩብ ውሃ ተሸጠ፣ ይህን ያህል ቤተሰብ ሽፋን ውስጥ ገባ» ይባላል። ግቢዬ ውስጥ ቧንቧ ስላለ እኔም ሽፋን ውስጥ ተቆጥሬያለሁ። ቢሌ 18 ስለሚል በደንብ የሚጠጣ ሰው ነኝ። በጀት የሚደለድለው ሰው ይህን አይቶ «እነሱ ደህና ናቸው» ቢል አልፈርድበትም። የደረሰው ወረቀት እንደዚያ ነው የሚለው። መንግሥት በየቤቱ እየገባ ቧንቧ አይከፍትም። የሚያየው በእናንተ ዓይን ነው።

እኛ ወሎዎች ከታች ያለው እውነት ወደ ላይ ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚመጣ እናውቃለን። እናቴ የባቲ ሰው ነበረች። በ1965 እና በ1966 የተራበው ሕዝብ ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ ሲወድቅ አይታለች። ያን ጊዜ መንግሥት ረሃቡን ደብቆ ነበር። የእኔን ሮቶ ከዚያ መከራ ጋር ላወዳድር አልደፍርም፤ ነውር ነው። ግን የተማርነው ነገር አለ። ቁጥር ሲዋሽ መጀመሪያ የሚጎዳው ቁጥሩ ውስጥ የሌለው ሰው ነው። ስለዚህ ወሎ ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ተራ የጽሕፈት ስህተት ሆኖ አይታየኝም።

በ2014 ጦርነቱ ወደዚህ ሲመጣ በየከተማው ስንት የሕዝብ ተቋም እንደወደመና እንደተዘረፈ ሁላችንም አይተናል። ያን ጊዜ ውሃ ለወራት ሲጠፋ ቅሬታ ይዞ ቢሯችሁ የመጣ ሰው አልነበረም። ሠራተኞቻችሁ ያለ ደመወዝ ፓምፕ ሲጠግኑ ሰፈሩ እንጀራና ቡና ይዞላቸው ሄዷል። ባለቤቴም ሄዳለች። እውነቱ ከተነገረን እንታገሣለን። «ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ሁለት ወር ይፈጃል» በሉን፤ እንችለዋለን።

ቅሬታዬን በቃል ለማቅረብ ሦስት ጊዜ ቢሯችሁ መጥቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ሁለተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሦስተኛው ቀን በመስኮቱ ያለችው ልጅ «መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ከዚያ ቅሬታ ያቀርባሉ፤ ካልከፈሉ ይቆረጣል» አለችኝ። እሷ የታዘዘችውን ነው የተናገረችው። ከመስኮቱ በላይ ግን የዜጎች ቻርተራችሁ በትልቁ ተለጥፏል። ለቅሬታ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል ይላል። ተሰልፌ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅኩት እናንተ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ነው።

አሁን የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። እኔ ባለሁበት፣ ቀን ቀጥራችሁ፣ ቆጣሪዬ ይነበብ። ደብተሩን አቀርባለሁ። የሦስቱ ወር ቢል በእውነተኛው ንባብ ይሠራ። ሲሠራም ስምንቱ ሜትር ኪዩብ በየወሩ ይከፋፈልና በየወሩ እርከን ይታሰብ፤ ተጠራቅሞ የአንድ ወር ፍጆታ ይሁን ካላችሁ ሁለተኛ በደል ነው። እስከዚያ ድረስ መስመሬ አይቆረጥ። የስምንቱን ሜትር ኪዩብ ዋጋ ዛሬ ብትነግሩኝ ዛሬ ከፍዬ እሄዳለሁ።

ሌላው ጥያቄዬ የሰፈሩም ጭምር ነው። የፈረቃውን ቀን በየቀበሌው ለጥፉልን። ሌሊት ሌሊት የቧንቧ ድምፅ እየጠበቅን ነው የምናድረው፤ ሰው ተኝቶ የሚያድርበትን ቀን ይወቅ። ሳይነበብ በግምት የተሞላ ቢል ላይ ደግሞ «በግምት» ተብሎ ይጻፍ። ወደ ላይ በምትልኩት ሪፖርት ላይም የቧንቧ ብዛት ብቻ ሳይሆን በወር ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት ውሃ እንደሰጣችሁ ይግባበት። ይህን ብታደርጉ ተጨማሪ በጀት ስትጠይቁ የሚረዳችሁ ራሳችሁን ነው። ዛሬ ሪፖርታችሁ ችግር የለም እያለ ገንዘብ ስጡን ብትሉ ማን ይሰማችኋል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። በመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረትም በእጃችሁ ያለውን የሰፈራችንን የሦስት ወር የፈረቃና የንባብ መዝገብ ቅጂ እንድትሰጡኝ በዚሁ ደብዳቤ እጠይቃለሁ። አዋጁ ለዚህ የሰጣችሁ ጊዜ 30 ቀን ነው። ለቢሉ ቅሬታ ግን የምጠብቀው ቻርተራችሁ ላይ ያለውን አምስት የሥራ ቀን ነው። መልስ ካላገኘሁ ወደ ቦርዱ፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እሄዳለሁ። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። ቢሯችሁ ድረስ ሦስት ጊዜ የተመላለስኩት ነገሩ እዚሁ በእኛ መካከል እንዲያልቅ ፈልጌ ነው።

የሦስቱ ቢሎች ቅጂ፣ የቆጣሪው ፎቶግራፍና የደብተሩ አራት ገጾች ተያይዘዋል። የልጄ ጽሑፍ ትንሽ ይንጋደዳል፤ ሌሊት ከእንቅልፏ ተነስታ ስለምትጽፍ ነው። ቀኖቹ ግን በትክክል ተጽፈዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለከተማው የውሃ አገልግሎት ቦርድ
ለቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት