ማሽኑ ሲሳሳት አቤት የምንለው ለማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምታወጧቸውን ጽሑፎች ሳላሳልፍ አነባለሁ። አንዱ ጸሐፊ ማሽኑ ከሥራችን ሊያፈናቅለን ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ለማይድን በሽታ መድኃኒት ሊያገኝልን ነው ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሰዎችን አቤቱታ በመቀበልና መዝገብ በመመርመር ስለሆነ፣ ሐሳቤ የሚያርፈው ሁለቱም ሳያነሱት በሚያልፉት ጉዳይ ላይ ነው። ማሽኑ በአንድ ሰው ላይ ወሰነ እንበል፤ ውሳኔውም ስህተት ሆነ። ያ ሰው አቤት የሚለው ለማን ነው?

ይህ ወደፊት ሊመጣ ይችላል ተብሎ የሚፈራ ነገር አይደለም፤ ከደረሰ ቆይቷል። የኔዘርላንድስ የግብር መሥሪያ ቤት ለሕፃናት ማቆያ የሚከፈለውን ድጎማ አለአግባብ የሚወስዱትን ለመለየት፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለእያንዳንዱ አመልካች የሥጋት ነጥብ የሚሰጥ አልጎሪዝም (የኮምፒውተር ስሌት) ይጠቀም ነበር። ነጥቡን ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ አመልካቹ የኔዘርላንድስ ዜግነት የሌለው መሆኑ ነው። ነጥቡ ከፍ ያለበት ሰው ፋይል ወደ አንድ ሠራተኛ ይመራል፤ ሠራተኛው ግን ማሽኑ ያንን ሰው ለምን እንደጠረጠረው አይነገረውም። የድጎማው ሕግ ራሱ በዚያ ዘመን ምሕረት የለሽ ስለነበር፣ ፊርማ የጎደለው አንድ ቅጽ የዓመት ድጎማ በሙሉ እንዲመለስ ሊያደርግ ይችል ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች በአጭበርባሪነት ተፈርጀው በዕዳ ተዘፈቁ። ትዳራቸው የፈረሰ፣ ልጆቻቸው ተወስደው ለሌላ አሳዳጊ የተሰጡባቸው ነበሩ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የማርክ ሩተ መንግሥት በዚሁ ጉዳይ ሥልጣኑን ለቀቀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያብሰለስለኝ የዚያ ሠራተኛ ሁኔታ ነው። እኔም በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁና። ወላጅ መጥቶ «ጥፋቴን ንገረኝ» ቢለው የሚመልሰው የለውም፤ እሱም አያውቅማ። ባለጉዳይን የማስተናገድ ግማሹ ሥራ እኮ ምክንያቱን መንገር ነው። ሰው ቢከለከል እንኳ የተከለከለበትን ምክንያት ካወቀ የጎደለውን አሟልቶ ይመለሳል፣ ወይም ይግባኝ ይላል። ምክንያት ያልተነገረው ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

የአውስትራሊያ መንግሥት ድጋፍ ከሚሰጣቸው ሰዎች ላይ ዕዳ ለመፈለግ የተጠቀመበት ሮቦዴት ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለመባል እንኳ የማይበቃ፣ ቀላል ስሌት ነበር። የአንድን ሰው የዓመት ገቢ በየሁለት ሳምንቱ እኩል ያካፍለዋል። ስድስት ወር ሠርቶ ስድስት ወር ሥራ ያጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ሲቀበል እንደኖረ ይቆጠርና፣ ሥራ ባጣበት ጊዜ የተሰጠው ድጋፍ ዕዳ ሆኖ ይመጣበታል። ዕዳ የለብኝም የሚል ከዓመታት በፊት የነበረ የደመወዝ ወረቀቱን ፈልጎ ማምጣት ነበረበት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመመለስ ተገደደ። በ2023 ሪፖርቱን ያቀረበው አጣሪ ኮሚሽንም አሠራሩ ጭካኔ ያለበት፣ ፍትሐዊም ሕጋዊም ያልነበረ ነው ሲል ደምድሟል። እንዲህ ያለ ቀላል ስሌት ይህን ያህል ካደረሰ፣ የሠሩት መሐንዲሶች እንኳ አካሄዱን ዘርዝረው ሊያስረዱ የማይችሉት ሥርዓት ሲመጣ ጥንቃቄው በስንት እጥፍ መጨመር አለበት?

ስህተቱም በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ጆይ ቡኦላምዊኒና በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፊትን አይተው ጾታ ከሚለዩት ሥርዓቶች አንዱ ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸውን ወንዶች ሲያይ የሚሳሳተው ከ1 በመቶ ባነሰ ነበር፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን ስህተቱ 34.7 በመቶ ደርሷል። ይህ ከታወቀ ከሁለት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ዲትሮይት አካባቢ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የፊት መለያ ሥርዓት ከሌላ ሰው ጋር አምታቶት፣ ሚስቱና ልጆቹ እያዩ በካቴና ታስሯል።

ተስፋውን አልክድም፤ እንዲያውም ከብዙዎች በላይ ተስፋ አደርጋለሁ። በስዊድን ከ80,000 በላይ ሴቶች በተሳተፉበት የጡት ካንሰር ምርመራ፣ ማሽኑ የራጅ ምስሉን ቀድሞ ሲያይ የሐኪሞቹ የንባብ ጫና በ44 በመቶ ቀንሶ፣ የተገኘው ካንሰር ግን አልቀነሰም፤ ይልቁንም ጨምሯል። አልፋፎልድ የተባለው ሥርዓት ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲኖችን ቅርጽ ተንብዮ ለተመራማሪዎች በነፃ ተለቋል፤ ሠሪዎቹ ዴሚስ ሀሳቢስና ጆን ጃምፐርም በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በእኔ ሙያ በኩል ደግሞ፣ በደሉን እያወቀ በጽሑፍ ማስቀመጥ የሚቸግረው ስንት ባለጉዳይ አለ! ሐሳቡን በቃሉ ተናግሮ ማሽኑ ደህና ማመልከቻ አድርጎ ቢጽፍለት፣ ማየት ለተሳነው ደብዳቤውን ቢያነብለት፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በስዊድኑ ምርመራ ግን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ በምስሉ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ሐኪም ነበር፣ ታካሚዋም የምትጠይቀው ሰው ነበራት።

«እኛም ሰው አስቀምጠናል» የሚል መልስ ከየተቋሙ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ በሰው ሕይወት ላይ ከባድ ውጤት ያለው ውሳኔ በማሽን ብቻ እንዳይሰጥ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን በፊቱ የፋይል ክምር ያለበትን ሠራተኛ አስቡት። ማሽኑ «ይከልከል» ብሏል። በሐሳቡ ከተስማማ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ካልተስማማ ግን ለምን እንዳልተስማማ መጻፍ፣ ለአለቃው ማስረዳት አለበት፤ ነገ ስህተት ሆኖ ቢገኝም ተጠያቂው እሱ ነው። እንዲህ ባለ አሠራር ሁሉም እንደሚስማማ ከልምዴ አውቃለሁ። ከእኔ በፊት ሌላ የሥራ ባልደረባ የወሰነውን መሻር እንኳ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አይቻለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው፤ ከማሽኑ ጋር የተስማማውም ሠራተኛ ምክንያቱን በራሱ ቃል ይጻፍ፣ ስሙንም ያስፍር።

ኃላፊነትን ወደ ማሽኑ የመግፋት ፈተናም ከወዲሁ እየታየ ነው። ኤር ካናዳ የተባለው አየር መንገድ፣ በድረ ገጹ ላይ ያለው ቻትቦት (ለደንበኞች ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልስ ማሽን) አያቱ ለሞተችበት መንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ በሰጠው ጊዜ፣ ቻትቦቱ ለራሱ ተግባር ራሱ ኃላፊ እንደሆነ አድርጎ ተከራክሮ ነበር። ጉዳዩን ያየው የካናዳ የዳኝነት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ አየር መንገዱ ካሣ እንዲከፍል ወስኗል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ውሳኔው ግን በእጅጉ አስደስቶኛል።

ጄፍሪ ሂንተንን የመሰሉ የዘርፉ ሊቃውንት ማሽኑ አንድ ቀን ከሰው ቁጥጥር ውጭ ሊሆን ይችላል ሲሉ ያስጠነቅቃሉ። እኔ ይህን ለመመዘን ዕውቀቱ የለኝም፣ ግን አላቃልለውም። ሕዝቡም በከንቱ አልሠጋም፤ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ካነጋገራቸው አሜሪካውያን 52 በመቶዎቹ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከጉጉታቸው ይልቅ ሥጋታቸው እንደሚበልጥ ተናግረዋል፤ ጉጉቱ ያየለባቸው 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ዛሬ የአንዲት እናትን ትንሽ አቤቱታ መልሶ ማየት ያቃተው ተቋም፣ ነገ የሚመጣውን ትልቁን ነገር ይቆጣጠራል ብዬ ለማመን ግን እቸገራለሁ።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ባንክም ይሁን ሆስፒታል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ይሁን ትምህርት ቤት በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሥራት ጀመርኩ ብሎ መግለጫ ሲሰጥ፣ ዘጋቢያችሁ ስለ ፍጥነቱና ስለ ዘመናዊነቱ ብቻ ጠይቆ አይመለስ። ውሳኔው የጎዳው ሰው ማንን በአካል ቀርቦ እንደሚያነጋግር፣ ያ ሰውም ውሳኔውን የመሻር ሥልጣን እንዳለው ይጠይቅልን። መልሱን ከዜናው ጋር አብራችሁ አትሙት። መልስ ካልሰጡም መልስ አለመስጠታቸውን ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ