«እሺ» ስትል ምን ማለቷ ነበር?

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። እናትሽ የጤናሽንና የምግብሽን ነገር ፈልጋ ቀድማ አነበበችው፤ እኔ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሕግ ልትማሪ በሄድሽበት በሕንድ፣ በዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎት ተቀምጠሽ ያየሽው ነገር ከሐሙስ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። ባሏን በጭካኔ የከሰሰችው ሴት እናቷን ተደግፋ ቆመች። ያ ባሏ የነበረው ሰው ከጠበቃው ኋላ መሬት መሬት እያየ ነበር። መርማሪ ፖሊሱ «እሷው ናት» ብሎ ማንነቷን አረጋገጠ። ዳኛው «የተስማማሽው በራስሽ ፈቃድ ነው ወይ?» አሏት፤ ራሷን ነቀነቀች። እኛ ሲፒኦ የምንለው ዓይነት የባንክ ሰነድ ከአንዱ ጠበቃ ወደ ሌላው ተላለፈ፤ ክሱ ተሰረዘ። «ሰባት ደቂቃ አልሞላም አባዬ። ወንጀል እንዲህ በገንዘብ የሚዘጋ ከሆነ እኔ ምን ልማር ነው የመጣሁት?» ብለሽ ጽፈሻል።

በዚያው ቀን ልመልስልሽ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ተውኩት። የምጽፍልሽ ሁሉ የሽማግሌ ስብከት ሆኖ ታየኝ። ባለፈው ዓመት የላክሽልኝን የፍርድ ቅጂዎች ከሣጥን አውጥቼ ደግሜ አነበብኳቸውና አሁን ጀመርኩ።

ያየሽው ነገር የአንድ ዳኛ ችኮላ አይደለም። ረጅም ክርክር ተደርጎበት የመጣ መንገድ ነው። የሕንድ የ1973 (የሕንዱን ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፍልሽ) የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 320 ላይ የግል ተበዳዩ ይቅር ብሎ ሊዘጋቸው የሚችላቸውን ወንጀሎች በሁለት ሠንጠረዥ ይዘረዝራል፤ አንዱ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ፣ ሌላው በፍርድ ቤት ፈቃድ የሚዘጋ። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ወንጀል ግን በእርቅ አይቀርም ብሎ ያው አንቀጽ በሩን ይቆልፈዋል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ቁጥሩን 359 አደረገው እንጂ አሠራሩን አልለወጠውም። በእኛም ሕግ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች አሉ፤ እስከዚህ ድረስ ለእኔ እንግዳ ነገር የለውም።

የዚያች ሴት ክስ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ባልና ዘመዶቹ በሚስት ላይ የሚፈጽሙትን ጭካኔ የሚቀጣው የቀድሞው የሕንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 498ሀ በ1983 የገባው ሴቶች በጥሎሽ ምክንያት እየተሠቃዩ፣ እየተቃጠሉም ስለነበር ነው። እዚያ ጥሎሹን የሚሰጠው የሙሽሪት ቤት እንደሆነ አንቺው ነሽ ያስረዳሽኝ፤ በእኛ አገር ከወንዱ ወገን ስለሚመጣ መጀመሪያ ነገሩ ተገልብጦ ነበር የገባኝ። እንዲህ ያለው ክስ የመንግሥት ክስ ነው። ተበዳይዋ ብትምርም መዝገቡ አይዘጋም።

የተቆለፈውን በር የከፈተው በቀድሞው ሕግ ቁጥር 482፣ በአዲሱ 528 የሆነው አንቀጽ ነው። ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፍርድ ሂደት መጠቀሚያ እንዳይሆን፣ ፍትሕም ከግቡ እንዲደርስ በባሕርይው ያለውን ሥልጣን የሚያስታውስ አጭር አንቀጽ። በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የባልና ሚስት ክስ በዚህ ሥልጣን ሊሰረዝ ይችላል አለ። ሌሎች ዳኞች ተጠራጠሩ፤ ሕግ አውጪው የከለከለውን በጓሮ በር ማስገባት አይሆንም ወይ ብለው ጉዳዩን ወደ ሰፊ ችሎት መሩት። በመስከረም 2012 ሦስት ዳኞች ተሰየሙ፤ ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሎዳ ናቸው። የእርቅ ፈቃድና የፍርድ ቤቱ የራሱ ሥልጣን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው አሉ። መልካቸው በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር የሆነ ጉዳዮች፣ የንግድ፣ የገንዘብ፣ የሽርክና፣ የትዳርና የቤተሰብ ጠብ፣ ስምምነት ተደርጎባቸው የቅጣት ተስፋቸው ከመነመነ ሊሰረዙ ይችላሉ። ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ የቡድን ዝርፊያ፣ እንዲሁም ሹመኛ በሥልጣኑ የሠራው ወንጀል ግን የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ በእርቅ አይሰረዝም።

በ2014 የተሰጠውን ፍርድ ደግሞ ወድጄዋለሁ። የመግደል ሙከራ ተብሎ የተከፈተ መዝገብ በእርቅ ይዘጋ እንደሆነ ሲጠየቅ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛው በክሱ ርዕስ ብቻ እንዳይወስን አዘዘ፤ ቁስሉ የት የሰውነት ክፍል ላይ ነው? መሣሪያው ምን ነበር? የሐኪሙ ወረቀት ምን ይላል? እንዲሁም እርቁ መቼ መጣ? ገና በምርመራ ላይ ከሆነ ልብን ከፈት ማድረግ ይቻላል፤ ማስረጃ ተሰምቶ ካበቃ ግን ቆም ማለት ይገባል። እኔም በእኛ 1980ዎቹ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ከሽማግሌዎች ጋር አሥራ አንድ ቀን ተቀምጫለሁ። የታላቁ ክንድ በዱላ ተሰብሮ ነበር። ታላቁ ተነሥቶ ታናሹን ሲያቅፈው በዚያ በተሰበረ ክንዱ ነበር፤ አጥንቱ በደንብ ሳይጠገን ስለቀረ እጁ ከወንድሙ ትከሻ አላለፈም። ያንን ያየ ሰው ሁሉንም እርቅ አንቺ እንዳልሽው «የተሸጠ ፍትሕ» ሊለው አይችልም፤ በዚህ ከአንቺ ጋር አልስማማም።

ስለ ደረቅ ቼክ የጻፍሽውን ብዙ አላስጨነቀኝም። እዚያ በሕግ የተፈቀደ እርቅ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የዘገየ ሰው ለመዘግየቱ እንዲከፍል አደረገ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ያስማማ ያለ ኪሣራ፣ ቆይቶ የመጣ የቼኩን 10 በመቶ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲደርስ 15፣ ጠቅላይ ሲደርስ 20 ነበር፤ በ2025 መጠኑን ቀነሰው። የነጋዴ ነገር ነው፤ ነጋዴ በዚህ ቋንቋ ቢነገረው ይገባዋል።

ሴቲቱን ግን እንደ ቼኩ ላልፋት አልቻልኩም። በትዳር ስምምነቶች ክፍያው በሦስት እንደሚከፈል የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አየሁት፤ አንዱ የስምምነት ፍቺው የመጀመሪያ ማመልከቻ ሲቀርብ፣ ሁለተኛው ሁለተኛው ማመልከቻ ሲሰማ፣ የመጨረሻው ደግሞ የወንጀል ክሱ በተሰረዘበት ቀን በችሎት ፊት። ጠበቆቹ ይህን ያደረጉት ማንም ማንንም እንዳይክድ ነው፤ ገብቶኛል። ነገር ግን የመጨረሻው ገንዘብ እጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ «በፈቃድሽ ነው ወይ?» የተባለች ሴት ምን ልትመልስ ትችላለች? ክሷ ስንት ዓመት እንደቆየ አላውቅም። ስንት ቀጠሮ ተመላልሳ፣ ስንት ጊዜ ከሥራ ቀርታ፣ ስንት ጊዜ ዳኛ ተቀይሮባት እንደሆነ አልጻፍሽም። ነፃነቷን በራሷ ውሳኔ አግኝታ ሊሆን ይችላል፤ ካሳዋን ይዛ አዲስ ሕይወት መጀመር ከባሏ መታሰር ይሻላታል ብላ አስባ። ይህ ከሆነ ማንም፣ እኔም አንቺም፣ «ለምን አልተከራከርሽም?» ልንላት መብት የለንም። ደክሟትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ራስ ከመነቅነቅ አይለዩም።

ይህን የምለው የሥራዬ ነገር ስለሆነ ነው። ጠበቃ ከመሆኔ በፊት ከሚሴ ላይ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ተበዳይዋ በኦሮምኛ «ቶሌ» ትላለች፣ «እሺ» ማለት ነው፤ እኔ ለዳኛው «ተስማምቻለሁ ብላለች» እላለሁ። ጸሐፊው ይጽፈዋል፤ መዝገቡ ይዘጋል። ቶሌ ግን ስንት ዓይነት ነው! በጎ ቶሌ አለ፤ «ይሁን ተዉኝ» የሚል ቶሌ አለ፤ ከኋላዋ የቆመውን አጎቷን እየፈራች የምትለው ቶሌ አለ። እኔ ሁሉንም በአንድ ቃል ተርጉሜያቸዋለሁ። ስንቱን እንዳጠፋሁ ዛሬ ልቆጥረው አልችልም።

ከዚያ በፊት ደግሞ በቤታችን የሆነ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬ በወጉ ነግሬሽ አላውቅም። አክስትሽ የተጠለፈችው እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ወንዝ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ እንስራዋ ብቻ ተገኘ፤ እንስራውን ተሸክሜ ወደ ቤት የተመለስኩት እኔ ነኝ። በዘጠነኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። በዚያን ጊዜ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በፈቃዷ ካገባት ክስ አይቀርብበትም ይል ነበር። ይህ የተሻረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው «ፈቅደሻል ወይ?» አሏት። «እሺ» አለች። አንዱ ሽማግሌ ፈገግ ብሎ «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብሎ መረቀ። አባቴ ወይፈን ተቀበለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቡና እየቆላች «ያኔ እሺ ያልኩት ብርድ ስለያዘኝና ወደ ቤት መግባት ስለፈለግሁ ነበር» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ቡናውን ወቀጠች።

ስለዚህ በኅዳር 2024 ከሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወጣውን ፍርድ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ራጃስታን ውስጥ አንድ መምህር ለአካለ መጠን ያልደረሰች ተማሪውን በክፉ ነካ ተብሎ ተከሰሰ። ቆይቶ ስምምነት ቀረበ፤ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ክሱን ሰረዘ። ስምምነቱን የፈረመው አባቷ ነው። ይግባኝ ያሉት ቤተሰቦቿ አልነበሩም፤ ሦስተኛ ወገኖች ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታቸውን ሰምቶ፣ እንዲህ ያለው ወንጀል የግል ጠብ አይደለም፣ በእርቅ ሊሰረዝ አይገባም ብሎ ክሱን መለሰው። አባት የልጁ ጠባቂ ነው፤ የልጁ በደል ባለቤት ግን አይደለም። አባቴን አልወቅሰውም፤ አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር። ግን ያኔ ከመንደራችን «ይህ አይሆንም» የሚል አንድ ባዕድ ሰው ቢነሣ ኖሮ ብዬ ሐሙስ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

እንግዲህ ትምህርቱን ትተሽ ልትመጪ ያሰብሽው ነገር ይቅር። ይልቅ እንዲህ ያለው መዝገብ ሲጠራ ከፊት ወንበር ተቀመጪ። የከፍተኛ ፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ዳኛው ያንን ጥያቄ ለሴቲቱ በሂንዲ ነው የጠየቋት ወይስ በጠበቃ አፍ ነው የደረሳት? ለብቻዋ ነው የተጠየቀች ወይስ ሰውየው አጠገቧ ቆሞ? መልሷንስ ማን ጻፈው?

ደብዳቤሽን ለአክስትሽ አነበብኩላት። የሕጉን ነገር ዝም ብላ ሰማችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ መመለስ አቃተኝ። ያ የባንክ ሰነድ ከጠበቃ ወደ ጠበቃ ከተላለፈ በኋላ በመጨረሻ በማን እጅ ገባ? ሴቲቱ ከችሎት ስትወጣ ራሷ ይዛው ነበር ወይ? አይተሽ ከሆነ ጻፊላት፤ እየጠበቀች ነው።

አባትሽ