በውሉ 36 ሜትር፣ በጉድጓዱ ግን 24 ሜትር፦ የቅሬታ ደብዳቤ

ቀን፦ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ፦ ጉድጓዱን ለቆፈረውና የእጅ ፓምፑን ለገጠመው ድርጅት

ከ፦ የመጠጥ ውሃ ኮሚቴ፣ ዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ዞን

ጉዳዩ፦ ተከፍሎባቸው ያልወረዱ 4 ቱቦዎችና 4 ዘንጎች እንዲሁም ሌሎች የግንባታ ጉድለቶች እንዲስተካከሉ ስለመጠየቅ

ግንቦት 20 ቀን በጻፋችሁልን መልስ ፓምፑ ውሃ ማቆራረጡን አምናችሁ፣ ምክንያቱ ግን «ድርቅ እና የኮሚቴው የአያያዝ ጉድለት» መሆኑን ገልጻችኋል። ሁለቱንም አንቀበልም። ያልተቀበልንበትን ምክንያት የምናስረዳው ከራሳችሁ የቁፋሮ ሪፖርት ቁጥር ተነስተን ነው።

በሪፖርቱ መሠረት ጉድጓዱ 48 ሜትር ጥልቀት አለው። ኬሲንጉ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቱቦ) 6 ኢንች ነው፤ ውሃ የሚያስገባው ወንፊት ቱቦ ከ39 እስከ 45 ሜትር ተቀምጧል። ጥቅምት ላይ ርክክብ ሲደረግ የረጋው ውሃ ከጉድጓዱ አፍ 19 ሜትር ወደ ታች ላይ ነበር። ለሙከራ በሰከንድ 0.3 ሊትር ሲቀዳ ውሃው 4 ሜትር ወርዶ ቆሟል። በውሉና በከፈልንበት ደረሰኝ ላይ የአፍሪዴቭ እጅ ፓምፑ ሲሊንደር (ውሃውን የሚስበው የታችኛው ክፍል) 36 ሜትር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ለዚህም ባለ 3 ሜትር 12 ቱቦና 12 ዘንግ እንደቀረበ ተጽፏል። ጥልቀቱ በትክክል የተመረጠ ነው፤ ከወንፊቱ በላይ ስለሆነ አሸዋ አይስብም፣ በበጋም ከውሃው በታች ይቆያል።

የአፍሪዴቭ ጥቅሙ ቱቦው ሳይነሳ ዘንጉ፣ ፕላንጀሩ (በሲሊንደሩ ውስጥ ወጥቶ ወርዶ ውሃ የሚያነሳው) እና ፉት ቫልቩ (ውሃው ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጋው) ብቻቸውን መውጣታቸው ነው። ግንቦት 12 ቀን የወረዳው ባለሙያ ባለበት ዘንጎቹ ሲወጡ 8 ብቻ ሆነው ተገኙ። በገመድ የታሰረ ክብደት አውርደንም ለካን፤ ሲሊንደሩ ያለው 24 ሜትር ላይ ነው። 12 ሜትር ይጎድላል።

ይህ ጥቅምት ላይ ለምን አልታወቀም? ያኔ ውሃው 19 ሜትር ላይ ስለነበረ ከሲሊንደሩ በላይ 5 ሜትር ውሃ ነበር፤ ፓምፑ እንደልቡ ቀድቷል፣ ሰነዱም ተፈርሟል። ግንቦት ላይ ውሃው 22.5 ሜትር ደርሷል። የቀረው 1.5 ሜትር ነው። በ6 ኢንች ኬሲንግ አንድ ሜትር ውሃ 18 ሊትር ያህል ስለሚይዝ፣ ይህ ከአንድ ጀሪካን ብዙም አይበልጥም። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ከጎን የሚሰርገው ብቻ ነው። በራሳችሁ ሙከራ 4 ሜትር መውረድ በሰዓት 1,080 ሊትር ካስገኘ፣ 1.5 ሜትር መውረድ የሚያስገኘው 405 ሊትር ነው። በሜዳውም የምናየው ይኸው ነው፤ በሰዓት 20 ጀሪካን አካባቢ፣ መካከሉ አየር።

ተጠቃሚው 58 አባወራ፣ 290 ሰው ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የገጠር ደረጃ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው፤ ለእኛ 7,250 ሊትር ማለት ነው። በአሁኑ ፍሰት ይህን ለመቅዳት 18 ሰዓት ያስፈልጋል። ስለዚህ በቀን 12 ሰዓት እየተቀዳ ለአንድ አባወራ 4 ጀሪካን ተመድቧል፤ ለአንድ ሰው 16 ሊትር ገደማ ይደርሳል፣ ከብት ሳይጨምር። ሲሊንደሩ በውሉ መሠረት 36 ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ከበላዩ 13.5 ሜትር ውሃ ይኖር ነበር። ፓምፑ በሰዓት 800 ሊትር ቢቀዳ ጉድጓዱ የሚወርደው 3 ሜትር ብቻ ነው፤ የቀኑ ፍጆታ በ9 ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ ጉድጓዱ አልደረቀም። ያጠረው ቱቦው ነው።

«ድርቅ» ስለሚለው፦ በዋግ ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ውሃ በግንቦት መውረዱ በየዓመቱ የሚጠበቅ እንጂ ድንገተኛ አደጋ አይደለም፤ እዚህ አካባቢ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት የሚያሰላው የጥቅምትን ወለል ሳይሆን የግንቦትን መሆን አለበት።

ገጣሚያችሁ በቃል «ጠልቆ ቢወርድ ለሴቶች ይከብዳቸዋል» ማለቱንም ሰምተናል። የሚነሳው የውሃ ክብደት የሚወሰነው ውሃው ባለበት ወለል እንጂ ሲሊንደሩ በተቀመጠበት ጥልቀት አይደለም። የሚጨምረው የ4 ዘንግ ክብደት ብቻ ነው፣ ያውም ውሃ ውስጥ ሆኖ። ደግሞስ ይህ እውነት ቢሆን የ12 ቱቦ ዋጋ ለምን ተጠየቀ?

አሁን ወደ «አያያዝ ጉድለት»። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የፕላንጀሩን ዩ-ሲል (ውሃ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ጎማ) 3 ጊዜ ቀይረናል። ጎማው የሚቀባው በውሃ ነው፤ አየር ሲስብ በደረቁ ከሲሊንደሩ ነሐስ ጋር ይፋተጋል፣ ቶሎ ይበላል። ይህ ብልሽት ከ24 ሜትሩ የመጣ ስለሆነ የመለዋወጫውን ዋጋ ከእናንተ እንጠይቃለን።

ፓምፑ ውስጥ ውስጡን ውሃ ያፈስ እንደሆነም ሞክረናል። ውሃ ከፓምፑ እስኪፈስ ቀድተን፣ 30 ደቂቃ አቁመን፣ እንደገና ውሃ እስኪመጣ ምቱን ቆጠርን። ጤነኛ ፓምፕ ከ5 ምት በላይ አይፈልግም፤ ይኸኛው 11 ፈለገ። የፉት ቫልቩን መዝጊያዎች (ኦ-ሪንግና ቦቢን) በአዲስ ቀይረን ብንደግመውም ያው 11። እንግዲህ የሚያፈሰው የቱቦው መጋጠሚያ ነው። ፕላስቲክ ቱቦዎቹ ከመገጠማቸው በፊት ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ተጥለው ነበር፤ ጫፋቸው በብርጭቆ ወረቀት ሳይሻካርና አቧራው ሳይጠረግ ነው ማጣበቂያው የተቀባው። እንዲህ የተጣበቀ መጋጠሚያ ሲጎተት ሊለቅ ስለሚችል፣ 4 ቱቦ መጨመር ብቻ አይበቃም። ነባሮቹም ወጥተው በአዲስ ይተኩ።

በንጽሕና በኩል ያሉት ጉድለቶች ባይጮሁም የሚያሳምሙት እነሱ ናቸው። በውሉ ላይ በኬሲንጉና በአለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ 6 ሜትር በሲሚንቶ እንዲሞላ ተስማምተናል። በፓምፑ ዙሪያ ባለው የሲሚንቶ መደብ ስንጥቅ በኩል ቆፍረን ስናይ፣ ከአንድ ክንድ በታች ልቅ አፈር ነው ያለው። ለዚህ ነው በሚያዝያው ካፊያ ማግስት ውሃው የደፈረሰው፤ የላይኛው ውሃ ኬሲንጉን ተከትሎ ይወርዳል። መደቡ የተሰነጠቀውም ሲሚንቶው 7 ቀን ውሃ ሳይጠጣ ሠራተኞቻችሁ በማግስቱ ስለሄዱ ነው። የከብት ማጠጫ ገንዳው በውሉ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ የተባለውን በ4 ሜትር ሠርታችሁታል፤ እበትና ጭቃ መደቡ ድረስ ደርሷል። የፈሰሰውን ውሃ የሚቀበለው የማስረጊያ ጉድጓድ በድንጋይ ፈንታ በአፈር ስለተሞላ ውሃ አይሰርግበትም።

የክሎሪን ሕክምናም ለመደረጉ ማስረጃ የለም። ጥቅምት ላይ ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው 29 ሜትር ውሃ 520 ሊትር ገደማ ነው፤ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ለማድረስ ባለ 65 በመቶ የክሎሪን ዱቄት 40 ግራም ይበቃ ነበር። ያን ያህል ርካሽ ሥራ መዘለሉ ገርሞናል።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። እስከ ሰኔ 20 ቀን 12 አዲስ ቱቦና የጎደሉትን 4 ዘንጎች ይዛችሁ መጥታችሁ ሲሊንደሩን 36 ሜትር ላይ አስቀምጡ፤ ዘንጎቹና ቱቦዎቹ ከመውረዳቸው በፊት በኮሚቴውና በወረዳው ባለሙያ ፊት ይቆጠሩ። ክፍተቱ በሲሚንቶ ይሞላ፣ መደቡ በ1፡2፡4 ድብልቅ እንደገና ይፍሰስና ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ውሃውን ማኅበረሰቡ ይሸከማል። ገንዳው ይዛወር፣ ማስረጊያው በድንጋይ ይሞላ። በመጨረሻ ክሎሪን ተጨምሮ ከ12 ሰዓት ቆይታ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ይቀዳ። በውሉ የነበሩትና ያልተሰጡን የፓምፕ መፍቻ፣ የፉት ቫልቭ ማውጫና አንድ ሙሉ ቶሎ የሚያልቁ መለዋወጫዎች ጥቅልም ይምጡልን።

ቀኑን ያጠበብነው መንገዱ በሐምሌ ስለሚዘጋ ብቻ አይደለም። ውሃው ዝቅተኛ ወለል ላይ ያለው አሁን ነው፤ መስከረም ላይ ብትመጡ 24 ሜትሩም ደኅና መስሎ ይታያል፣ እንደ ጥቅምቱ ርክክብ።

«ጉዳዩን ከወረዳው ጋር እንጨርሳለን» ያላችሁትን በተመለከተ፣ ፕሮጀክቱ በማኅበረሰቡ የሚመራ ነው፤ በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንደሚሠራበት ገንዘቡ የገባው በኮሚቴው ሂሳብ ነው። ገዢውም ውል ሰጪውም ኮሚቴው ነው። ወረዳው በባለሙያ ያግዘናል እንጂ ስለ እኛ ይቅር አይልም። ከክፍያው በእጃችን ያስቀረነው 5 በመቶ መያዣ የሚለቀቀው በግንቦት 2018 ዓ.ም. ወለሉ እንደገና ተለክቶ፣ ፓምፑ 9 ሰዓት ሳያቋርጥ ከቀዳ በኋላ ነው።

ከሰላምታ ጋር

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ እና ሁለቱ የፓምፕ ተንከባካቢዎች (ፊርማና ማኅተም አለው)

አባሪ፦ የግንቦት 12 የዘንግ ቆጠራ ቃለ ጉባኤ፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት የተለካ የውሃ ወለል ሠንጠረዥ፣ የመለዋወጫ ደረሰኞች

ግልባጭ፦ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለቀበሌው አስተዳደር