እጃችንን በቤንዚን መታጠብ ይቅር

ውድ የአዳማ ጋራዥ ባለሙያዎች፣ ጤና ይስጥልን።

በየጋራዡ የምናየው አንድ ልማድ በጣም አሳስቦናል። ካርቡሬተር በቤንዚን ይታጠባል። ማታ ላይ እጅም በዚያው ቤንዚን ይለቀለቃል። ግራሶ ቶሎ ስለሚያስለቅቅ ማንም አይከፋበትም።

ቤንዚን ውስጥ ቤንዜን የሚባል ኬሚካል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ጋር መድቦታል። የሚጎዳው ደም የሚመረትበትን መቅኔ ነው፤ መዘዙ የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ነው የምንንቀው።

ዋናው መግቢያው ትንፋሽ ነው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ መኪና ስር ለመሥራት የምንወርድበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። የጨርቅ ማስክ አያስቆመውም። በቆዳም ይገባል፣ በተለይ እጅ ከተሰነጠቀ።

እባካችሁ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዕቃ የምታጥቡት ነፋስ ባለበት፣ ነዳጅ የማያሳልፍ ጓንት አድርጋችሁ ይሁን። ቤንዚን በቱቦ በአፍ መሳብ ፈጽሞ ይቁም! ረዳት ልጆቹን በዚህ ሥራ ማሰማራት ያሳዝናል፤ ገና ብዙ ዕድሜ አላቸው።

የጋራዥ ባለቤቶች፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ የእናንተ ግዴታ ነው።

ድካም ከበዛባችሁ፣ ድድ ከደማ ወይም ሰውነታችሁ ያለ ምክንያት ከበለዘ ቶሎ ታዩ። ከቤንዚን ጋር እንደምትሠሩ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ላይጠረጥር ይችላል።