ጦስኙም ነጭ ሽንኩርቱም ይፈተኑልን

ለክልላችን የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው፤ እንቁላል ጣይ ዶሮ አረባለሁ።

ዶሮ ቤት የሚውል ሰው የበሽታን ምልክት አያጣውም። ዶሮዋ ክንፏን ጥላ ጥግ ትይዛለች። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፤ ኩሷ ቢጫና አረንጓዴ ይሆናል። አርቢው ሮጦ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ዱቄት ይገዛና ውሃ ውስጥ ይበጠብጣል። ባክቴሪያው ሳልሞኔላ ይሁን ኢ ኮላይ የመረመረ የለም። ፈንግል ከሆነማ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አይለውም። ትንሽ ሻል ሲላቸው መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ የተረፈው ባክቴሪያም ይላመደዋል። በሚቀጥለው ያው ዱቄት አይሠራም። በመሃል የተጣለው እንቁላል ደግሞ መድኃኒቱን እንደያዘ ገበያ ወጥቷል፤ ይሄ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ያኔ ሰው ፊቱን ወደ ጓሮው ዕፅዋት ያዞራል። እውነትም አለው። ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊሲን የሚባል ባክቴሪያ ገዳይ ይፈጠራል። ሲፈላ ግን ኃይሉ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው ደግሞ አፍልቶ ነው የሚሰጠው። የወሎ ደጋ ጦስኝ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ የባክቴሪያውን ሽፋን ያፈርሳሉ። የአውሮፓ ኅብረት ለማሳደጊያ ብቻ አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ መጨመርን በፈረንጆቹ 2006 ሲከለክል፣ እዚያም ብዙ አርቢ ወደ እነዚህ ዕፅዋት ዞሯል።

ግን ላቦራቶሪ ውስጥ የገደለ ሁሉ ዶሮ አንጀት ውስጥ አይገድልም። መጠኑ ካነሰ ከንቱ ነው፤ ከበዛ ዶሮዋ መኖ ትጠላለች። ለስንት ሊትር ስንት ግራም? መልሱን ከጎረቤት ወሬ ነው የምንለቅመው። የዶሮ ታይፎይድ የገባበትን ዶሮ ቤት በጦስኝ ብቻ አድናለሁ የሚለውን እኔ አላምነውም።

እዚሁ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለን። እባካችሁ አገናኟቸው። የሞተች ዶሮ ይዘን ስንመጣ ባክቴሪያው ይለይልን፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይነገረን። ጎን ለጎን ጦስኙና ነጭ ሽንኩርቱ በወጉ ይፈተኑ፦ ለአንዱ ክፍል ዶሮ ይሰጥ፣ ለሌላው አይሰጥ፣ ውጤቱ ይጻፍ። ባይሠራም ይነገረን፤ ቢያንስ ገንዘባችንን ለክትባት እናውላለን። አንቲባዮቲክም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥ።

ለሙከራው ዶሮ ከጠፋ የእኔ ዶሮ ቤት ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምቦልቻ ዶሮ አርቢ