የቆመውንም ሞተረኛ ጻፉልን

ለስፖርት ገጽ አዘጋጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ሳገኝ ከኋላ ገጽ ነው የምጀምረው። ለኳሱም ለሩጫውም እጃችሁ ይባረክ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። በየዓመቱ ገና ሰሞን፣ እዚሁ ከቀይ ባሕር ማዶ ሳውዲ ውስጥ፣ ዳካር ራሊ የሚባለው፣ ሁለት ሳምንት የሚፈጀው የሞተርና የመኪና የበረሃ ውድድር ይካሄዳል። እናንተ ግን ሞተረኞቹን የምታነሷቸው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ ያውም በሦስት መስመር።

እኔ እንጀራዬ ሞተር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ አደርሳለሁ። ዳካርን መከታተል የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ2019 አውስትራሊያዊው ቶቢ ፕራይስ የእጅ አንጓው ተሰብሮ ፔሩ በረሃ ውስጥ ሲያሸንፍ ነው። ሞተር የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ጉድጓድ በገባህ ቁጥር መሪው የሚመታህ እዚያው አንጓህ ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ ወደ ሳውዲ መጣ፤ ሰዓቱም ከእኛ ጋር አንድ ሆነ። ሥራ እስኪመጣ ቆሜ ስልኬ ላይ ውጤት አያለሁ።

ብዙ ሰው ዳካርን የፍጥነት ውድድር ብቻ ያደርገዋል። አይደለም። ሞተረኛው 450 ሲሲ ሞተር ላይ ቆሞ እየነዳ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን የመንገድ መምሪያ ያነባል። ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ወዴት እንደሚታጠፍ፣ የት ገደል እንዳለ፣ በምልክትና በአጭር ቃል ነው የተጻፈው። በጂፒኤስ ካርታ መመራት የለም። ድሮ ይህ መምሪያ ጥቅል ወረቀት ነበር፣ ከዋዜማው ይሰጣቸውና ማታ ድንኳን ውስጥ በቀለም እያሰመሩ ያጠኑት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ግን የሚያገኙት ጠዋት ሊነሱ ደቂቃዎች ሲቀሩ ነው። ደግሞ ትናንት ያሸነፈው ዛሬ ፊት ይወጣል። ከፊቱ የጎማ ዱካ የለም። አሸዋው ላይ መንገዱን ራሱ ይፈልጋል፣ ከኋላው ያሉት የሱን ዱካ ይዘው ይደርሱበታል። እኔ ነኝ ያለ ሞተረኛ አንድ ሸለቆ ተሳስቶ ሲገባ የሳምንት ልፋቱ ገደል ይገባል።

በ2023 ፕራይስ የመጨረሻውን ቀን የጀመረው በ12 ሰከንድ እየመራ ነበር። በጠቅላላው ከ44 ሰዓት በላይ ከነዱ በኋላ አርጀንቲናዊው ኬቨን ቤናቪዴስ በ43 ሰከንድ ቀደመው። ያን ዕለት ልቤ ተሰቅሎ ነው የዋለው። በማግስቱ ጋዜጣችሁን ገዛሁ። አንድ መስመር የለም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው፤ ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ጎንሳልቬስ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ውድድሩን እየመራ ሳለ ኦስትሪያዊው ማቲያስ ዋልክነር ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰብሮ አገኘው። ጎንሳልቬስ ሞተሩን አቁሞ አጠገቡ ሆነ። አዘጋጆቹ የቆመበትን ጊዜ መለሱለት፤ ሰው ለመርዳት ለቆመ ሞተረኛ ደቂቃው ይመለስለታል። ግን ያን ጊዜ ሞተሩን ያቆመው ደቂቃ ቆጥሮ አይመስለኝም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥር 3 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2020) እሑድ፣ ከሪያድ ወደ ዋዲ አድ ደዋሲር በሚወስደው በረሃ ላይ ጎንሳልቬስ ራሱ ወደቀ። መጀመሪያ የደረሰው ፕራይስ ነበር። ያለፈው ዓመት አሸናፊ ነው፣ ዋንጫውን ሊያስጠብቅ ነው የመጣው። ቆመ። እርዳታ ጠራ። ስሎቫኪያዊው ስቴፋን ስቪትኮ ደርሶ አገዘው። ፕራይስ እስከ መጨረሻው አልሄደም፤ ጎንሳልቬስን ተሸክመው ሄሊኮፕተሩ ጋ ካደረሱት አንዱ እሱ ነበር። ጎንሳልቬስ ግን አልተረፈም። 40 ዓመቱ ነበር። በማግስቱ የሞተረኞቹ የዕለቱ ውድድር ተሰረዘ።

በ2022 ደግሞ የጎንሳልቬስ የሚስቱ ወንድም፣ ጆአኪም ሮድሪጌስ፣ እዚያው ሳውዲ ውስጥ አንድ የቀን ውድድር አሸነፈ። አማቾቹ በዚያች በ2020 ውድድር የነዱት ለአንድ ቡድን ነበር።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደያዘኝ ልንገራችሁ። አንድ ክረምት ሱሉልታ መንገድ ላይ ኮረት አንሸራቶኝ ወደቅኩ። ሞተሩ እግሬ ላይ ተኝቷል፣ ዝናቡ ሄልሜቴ ውስጥ ይገባል። መኪኖቹ ፍጥነታቸውን ቀነስ ያደርጉና ያልፋሉ። በመጨረሻ የቆመው አንድ የማላውቀው ሞተረኛ ነው። ከኋላው ሁለት ሳጥን ዕቃ ጭኗል፣ እሱም እንደኔ ሰዓት አለበት። ሞተሩን አንስቶልኝ፣ የጭስ ማውጫው ያቃጠለኝን ቦታ በሃይላንድ ውሃ አጥቦልኝ፣ ታክሲ ላይ አሳፍሮኝ ሄደ። ስሙን አልጠየቅኩትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ውድድሩ ሲጀመር ለሁለት ሳምንት በየዕትማችሁ አንዲት ዓምድ ስጡን። ማን መራ፣ ማን መንገድ ሳተ፣ ማን ለማን ቆመ የሚል። ያለ መካኒክ የሚወዳደሩትንም አትርሷቸው። ከአንድ ሳጥን ዕቃ፣ ከድንኳንና ከመለዋወጫ ጎማ ሌላ እምብዛም የላቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ነድተው ማታ ሞተራቸውን ራሳቸው ይፈታሉ፣ ሲነጋ ደግሞ መነሻው ላይ ናቸው። እኛ መቆሚያችን ላይ አሥራ ምናምን ሞተረኞች ነን። አንድ ጋዜጣ ለሁላችንም ይደርሳል፤ የምትጽፉት ከሆነ ግዢው በእኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ሞተረኛ፣ ከአዲስ አበባ