ስለ አንገትሽ

ጎንደር፣ የካቲት 4

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ቤቱ ደህና ነው። ጓሮ ያለውን ጌሾ ጎረቤታችን ውኃ እያጠጣችልሽ ነው፤ ሳልለምናት ነው ደግሞ። ይህን ደብዳቤ እህቴ እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። (አንቺ ልጅ፣ እያሳጠርሽ እንዳታነቢ።)

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቴም “ተኝታለች” ተባልኩ። አንቺ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ተኝተሽ የምታውቂው መቼ ነው? መጻፍ ይሻላል አልኩ።

የጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ስንጫወት ሞቆኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ነበር። ካሜራው እጄ ላይ መምጣቱን አላየሁም፤ አንቺ ግን አዲስ አበባ ተቀምጠሽ አየሽው። ክንዴ ላይ ያለችው መሰንቆ ናት፤ ከነደጋኗ። “ገላችሁን አትነቀሱ ተብሎ ተጽፎ የለም ወይ?” አልሽኝ። ዘሌዋውያን 19፥28 ላይ እንዳለ አላጣሁትም። ግን ተናድጄ “ታዲያ አንቺስ አንገትሽን ሙሉ ተነቅሰሽ የለም እንዴ?” አልኩሽ። ዝም አልሽ። ከዚያ ስልኩን ለእህቴ ሰጠሻት።

የምጽፈው ለዚያች ቃል ነው። ለክንዴ አይደለም።

ታሪኩን ነግረሽኛል እኮ። ደምቢያ፣ የገበያ ቀን ነቃሿ ስትመጣ፣ አራት ሴቶች ይዘውሽ። የኩራዝ ጥቀርሻ፣ መርፌ፣ ለመንደሩ ልጃገረድ ሁሉ ያው አንድ መርፌ። አንገትሽ አብጦ ስንት ቀን እህል አልዋጥ እንዳለሽ። ድድሽንም ወጉሽ፤ ስትስቂ ጥርስሽ እንዲያ የሚነጣው ለዚያ ነው። አያቴ ደግሞ ለውበት ብቻ አላስነቀሰችሽም፤ እንቅርት ይከላከላል ይባል ነበር። እንቅርት የሚመጣው ከአዮዲን እጥረት መሆኑን ማን ነግሯት? መድኃኒቱ አዮዲን ያለው ጨው ውስጥ ነበር፣ እሷ መርፌ ውስጥ ፈለገችው።

የኔን ክንድ የነቀሰው ልጅ መርፌውን ከማሸጊያው ሲያወጣ እያየሁ፣ በገዛ ብሬ፣ ሲያመኝ “ቆይ” እያልኩ ነው የነቀሰኝ። ሲያምሽ “ቆይ” ስትይ ማን ሰማሽ?

ከመነቀሴ በፊት የፈረንጅ ሙዚቀኞችን ንቅሳት ሳይ ነበር የከረምኩት። ጃኒስ ጆፕሊን የምትባል አሜሪካዊት ዘፋኝ አንጓዋ ላይ እንደ አምባር ተነቅሳ ነበር። የነቀሳት ላይል ተትል የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ነው፤ ንቅሳት እንዲያ የተስፋፋው በሴቶች ነፃነት ነው ይል ነበር። ኤሚ ዋይንሃውስ የምትባል የለንደን ልጅ ደግሞ የአባቷን እናት ሲንቲያን ክንዷ ላይ አስነቅሳ ነበር። ሁለቱም በ27 ዓመታቸው ሞቱ። አትደንግጪ፤ አንዷን ዕፅ፣ አንዷን መጠጥ ነው የገደላቸው። እነሱን ሳይ የመጣልኝ ያንቺ አንገት ነበር፤ “እኛ ቤት ከድሮም ያለ ነገር ነው” አልኩ። ምን ያህል እንደተሳሳትኩ የገባኝ ስልኩ ላይ ዝም ስትይ ነው። የእነሱ ነፃነት ነበር። ያንቺን ግን አራት ሴት ይዞሽ ነው። አያቴ “ልጅቱንም ላስነቅሳት” ስትል እህቴን አቅፈሽ “በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም” ማለትሽንስ እንዴት ረሳሁት?

የበለጠ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። እኛ የአዝማሪዎቹ መንደር የቡርባክስ ልጆች አንገት ስናወድስ ነው የኖርነው። አባቴ ባንቺ አንገት ስንት ግጥም ገጠመ! እኔም ፒያሳ በየምሽቱ ለባለ ንቅሳቷ እየገጠምኩ ብር ግንባሬ ላይ ተለጥፎልኛል። ማን ይዟት እንደተነቀሰች አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት “ይኼን የሚያጠፋ ሌዘር የሚሉት ነገር አለ አሉ” ብለሽኝ “በዚህ ዕድሜሽ?” ብዬ ሳቅኩብሽ። አሁን ጠይቄያለሁ። ጥቀርሻው ከላይኛው ቆዳ ሥር ነው የተቀመጠው። ሰውነትን የሚጠብቁት ሴሎች ውጠው ይይዙታል እንጂ አያጠፉትም፤ ያረጁት ሲሞቱ አዲሶቹ ተቀብለው ይይዙታል። ሌዘሩ ቅንጣቱን ሲሰባብረው ሰውነት ቀስ እያለ ይጠርገዋል። ጥቁር ቀለም ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይበገርለታል። በአንድ ቀን አያልቅም፤ በየሳምንታቱ መመላለስ አለው፣ ያማልም። የድዱን አላውቅም፣ የአንገቱን ግን ከፈለግሽ እኔ እከፍላለሁ። ካልፈለግሽም አንገትሽ ነው፤ ሁለተኛ ለክርክሬ ማስረጃ አላደርገውም። የኔን ግን አላስጠፋም፤ በዚህ ተቆጪኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ እንግዳ አብራው የመጣችውን ሴት አሳይቶኝ “ስለ አንገቷ ግጠምልኝ” አለኝ። ስለ ዓይኗ ገጠምኩለት። ቅር ብሎት ሃምሳ ብር ብቻ ለጠፈልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን ራስሽ አንሺው።

ልጅሽ